ኮረሪማ ቀለም የለውም
በእስራኤል፣ በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና ስለ ቅመም ህትመትና ስለ ቅመም ንግድ የተደረገ ዲስኩር

ከጎናችን ካለው ጋራዥ የሚሰማው መዶሻ ካስቸገራችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ኢንዱስትሪ ቀጠና መካከል ዲስኩር ሲደረግ ይህን መቻል ነው። ለኛ ሥራ ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በርበሬ ቢደፋም የሚቆጣ የለም። ዓመቶቹን የምጠራው እዚህ በለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከዚህ ወደ ምዕራብ ብትነዱ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሩብ ሰዓት አካባቢ ቆይታችሁ መጊዶ ትደርሳላችሁ። በ2020 የሙኒኩ ተመራማሪ ፊሊፕ ሽቶክሃመርና ባልደረቦቹ ከመጊዶ መቃብሮች የወጡ ሰዎችን ጥርስ የመረመሩበትን ጥናት አወጡ። የመረመሩት ጥርስ ላይ የሚጋገረውን፣ የጥርስ ሐኪም ፍቆ የሚጥለውን ቆሻሻ ነው። ያ ነገር ሲደነድን ሰውየው የበላውን ምግብ ፕሮቲን ይዞ ያስቀራል። ከአንዱ ሰው ጥርስ ላይ የእርድ ምልክት ተገኘ። ሰውየው ከሞተ 3,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። እርድ ደግሞ አገሩ ሕንድና ከሕንድ ወዲያ ያለው ምድር ነው። እንግዲህ አፉላ በ1925 ከመቆርቆሯ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በዚህ ሜዳ እርድ የበላ ሰው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ ደግሞ፣ ከ3,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ በባሕሩ ዳር በቴል ዶርና በሌሎችም ቦታዎች በተገኙ ትንንሽ የሸክላ ብልቃጦች ውስጥ የቀረፋ ቅሪት ተለይቷል።

እዚህ አገር ስለ ቅመም መንገድ ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደ ኔጌቭ ያያል። ዩኔስኮ በ2005 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የናባጢያን ከተሞች፣ አቭዳት፣ ማምሺት፣ ሃሉጻና ሺቭታ፣ ያሉት እዚያ ስለሆነ ነው። ቱሪስቱም እዚያ ይሄዳል። የሰሜኑ መንገድ ግን ይረሳል። ኦሪትን የምታውቁ አባቶች አትረሱትም፤ ዮሴፍ የተሸጠው የት ነው? ዶታይን። ዶታይን ከዚህ ወደ ደቡብ፣ ከጄኒን አለፍ ብሎ ነው። የገዙት እስማኤላውያን ከገለዓድ ተነሥተው ወደ ግብፅ ሲወርዱ ግመሎቻቸው ሽቱ፣ በለሳንና ከርቤ ጭነው ነበር። ከገለዓድ ዮርዳኖስን ተሻግሮ፣ በቤት ሳን በኩል ወጥቶ፣ ይህንን ሸለቆ አቋርጦ ወደ ዶታይን የሚወርድ ነጋዴ የሚያልፈው እኛ አሁን ከተቀመጥንበት ብዙም ሳይርቅ ነው። በዚያ ቀን ሽቱና ልጅ በአንድ ጭነት ሄዱ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የዛሬው ነገሬ አጭር ነው። ወጥ ቤታችሁ ያለው የቅመም መደርደሪያ የንግድ መዝገብ ነው። ወረቀት ላይ ስናትመው ደግሞ ያ መዝገብ ስለ ራሳችን ከምናወራው ወሬ ጋር አይገጥምም። በቅመም ማተም አንዳንድ ቦታ «የአያቶቻችን ጥንታዊ ጥበብ» እየተባለ ሲጠራ እሰማለሁ። አያቶቻችን በቅመም አላተሙም። ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ፤ በቅመሙማ ወጥ ሠሩበት። ጥበቡ አዲስ ነው። አዲስ መሆኑም አያሳፍርም።

በእርዱ እንጀምር። እርዱን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በጥብጠን እናሳድረዋለን፤ ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ ያለውን በቡና ማጥለያ ወረቀት እናጠልላለን። የሚወጣው ጠራ ያለ ብጫ ውኃ ነው። ይህንን በሰፊ ብሩሽ ወረቀት ላይ ቀብተን ጨለማ ክፍል ውስጥ እናደርቀዋለን። ሲደርቅ በላዩ የጤና አዳም ዘለላ አስተኝተን፣ መስታወት ጭነን፣ ወደ ግቢው ፀሐይ እናወጣዋለን። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ፀሐዩ ነው። ብርሃን ያገኘው ቦታ እየነጣ ይሄዳል፤ ጤና አዳሙ የሸፈነው ብጫ ሆኖ ይቀራል። የዚህ ሸለቆ የሐምሌ ፀሐይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ በጥር ቀኑን ሙሉ አውላችሁት እንኳ ላይወጣ ይችላል።

ወረቀቱን ከመስታወቱ ስታወጡት ሥዕሉ ደብዘዝ ያለ ነው። ያኔ ቦራክስ በሟሟበት ውኃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። ብጫው ዐይናችሁ እያየ ወደ ቀይ ቡናማ፣ ወደ ሸክላ መልክ ይዞራል፤ የጤና አዳሙ እያንዳንዱ ቅጠል ዳርቻው ተለይቶ ይወጣል። ወጣቶች ይህን ሲያዩ አስማት ይመስላቸዋል። እናቶች ግን አይደንቃቸውም፤ እርድ የነካውን ነጠላ በሳሙና ሲያሹት እንዴት እንደሚቀላ ስንት ጊዜ ተናደውበታል! ነገሩ አንድ ነው። እርድን ብጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር፣ እንደ ሳሙናና እንደ ቦራክስ ያለ ነገር ሲነካው መልኩን ይለውጣል። ብርሃን ሲመታው ደግሞ ይፈርሳል፤ ሥዕሉን የሚሠራልንም ይኸው መፍረሱ ነው። በእጽዋት ጭማቂ በፀሐይ ማተምን መርምሮ በ1842 ያሳተመው እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆን ኸርሸል ነው። የብዙ አበቦችንና ቅጠሎችን ጭማቂ ሞክሯል። ሥዕሎቹ በብርሃን ስለሚጠፉ ከፎቶግራፍ ጋር መወዳደር አልቻሉም፤ ነገሩም ብዙም ሳይገፋ ቀረ።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይመጣል፤ «የሚጠፋ ሥዕል ማን ይገዛል?» የኔ መልስ፣ አትሽጡት ነው። ከዚህ በስተምሥራቅ ባለው በዔን ሐሮድ ሙዚየም፣ ሽሙኤል ቢክልስ የነደፈው ሕንፃ የተፈጥሮ ብርሃንን በሚያስገባበት መንገድ በዓለም ይታወቃል። ለዘይት ቅብ ጸጋ ነው፤ ለእርድ ህትመት ግን የሞት ፍርድ። የእርድ ህትመት ቦታው የተዘጋ አቃፊ ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፣ ይታያል፣ ይመለሳል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የፈለገ ፎቶውን አንሥቶ ይስቀል።

በርበሬ ሌላ ጠባይ አለው። ውኃ ውስጥ ብትጨምሩት ውኃውን ያቆሽሸዋል እንጂ ቀለሙን አይሰጥም። ቁሌት ያበሰለች ሁሉ ምክንያቱን ታውቃለች፤ ቀዩ የሚወጣው ዘይት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ በዘይት እንሠራዋለን፤ ዘይቱም የተልባ ነው። የአውሮፓ አታሚዎች ከጉተንበርግ ዘመን አንሥቶ ጥቀርሻ እያዋሐዱ ለማተሚያ ቀለም ያፈሉት የነበረው ያንኑ የተልባ ዘይት ነው፤ አየር ሲነካው ስለሚደርቅ። ተልባን ለጾምና ለሆድ ብቻ የምናውቅ ሰዎች፣ የማተሚያ ቤት ዘይት በየጓዳችን ነበር ማለት ነው። ጨርቅ ላይ ማተም ስንፈልግ ደግሞ አብሽ አለ። የአብሽ ዱቄት ተነክሮ ሲመታ የሚያወጣው ልጋግ ቀለሙን ይይዘዋል፣ እንዳይፈስም ያደርገዋል።

የበርበሬውን ቀለም በጎማ እየጎተትን በስክሪን፣ በተወጠረ ወንፊት ጨርቅ፣ እናሳልፈዋለን፤ በርበሬውን ሁለት ጊዜ ካልነፋችሁት የስክሪኑን ቀዳዳ ይደፍነዋል። አንዷ ፍሬ መሐል ላይ ከተሰነቀረች፣ በጎማው በጎተታችሁ ቁጥር ከእሷ በታች ነጭ መስመር ይወጣል፤ ያን ለማጽዳት ግማሽ ቀን ይሄዳል። የምግብ ነገር በስክሪን በማተም የሚታወቀው አሜሪካዊው ኤድ ሩሼ ነው። በ1970 ለንደን ላይ ባሳተማቸው ስድስት ሥራዎች ከቀለም ይልቅ ቸኮላታ፣ የዓሣ እንቁላል፣ የማንጎ ቻትኒ፣ የቲማቲም ድልህ፣ እንዲያውም ጎረቤታችን እጁን የሚያሽበትን ግራሶ ተጠቅሟል። ሥራው ቀልድ አለው፤ እኔም እወደዋለሁ። ሩሼ ግን የቸኮላታው ካካዎ ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም። እኛ የምንለየው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

እስቲ እንጠይቅ። በርበሬ ከየት መጣ? ከአሜሪካ። ኮሎምበስ በ1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት ከአሜሪካ ውጭ በርበሬን ያየ ሰው አልነበረም። ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከቤተ እስራኤል ጋር ሲዋጉ በሁለቱም ሰፈር ቀይ ወጥ አልተበላም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም ያን ሁሉ መጽሐፍ ሲያስጽፉ ዶሮ ወጥ የሚባለውን፣ እኛ የምናውቀውን፣ አልቀመሱም። የሚያቃጥል ነገር የተፈለገ እንደሆነ ዝንጅብል፣ ሰናፍጭ፣ ከደን የሚለቀመው ጥምዝ፣ ላለው ሰው ደግሞ ከሕንድ የሚመጣ ቁንዶ በርበሬ ነበር።

የሕንዱ መንገድ ጥንታዊ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ቆይቶ ያየውን ጽፏል፤ ስለ ቁንዶ በርበሬ ተክልም ያወራል። በደብረ ዳሞ በ1940 ከመቶ የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ኩሻኖች ሰሜን ሕንድን የገዙ ናቸው። ትግራይ ውስጥ፣ በገመድ ተንጠልጥለው በሚወጡበት አምባ ላይ፣ የሕንድ ወርቅ!

ያንን መንገድ የገለበጠው ቫስኮ ዳ ጋማ ነው፤ አፍሪካን ዞሮ በ1498 ካሊከት የደረሰው ቁንዶ በርበሬ ፍለጋ ነው። ፖርቱጋሎች ከዚያ በኋላ የአሜሪካኑን በርበሬ በየወደቡ አዳረሱት፤ ሕንድም የራሷ እስኪመስላት ድረስ ተቀበለችው። የዚሁ የቫስኮ ልጅ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ያህል ነፍጠኛ ይዞ ምጽዋ ወረደ፤ ለዐፄ ገላውዴዎስ ሲዋጋ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። በትምህርት ቤት ይህን የሃይማኖት ጦርነት አድርገን ተምረነዋል። ነበርም። ግን አባትየውን ወደዚያ ባሕር ያመጣው ምን እንደነበር አብሮ ቢነገረን ጥሩ ነበር።

እናንተ የአፉላ ሰዎች ደግሞ በዚህ አትሳቁ። ይህች ከተማ በአገሩ ሁሉ የምትታወቀው በጋርዒኒም፣ በሱፍ አበባ ፍሬ፣ ነው፤ ሰው አውቶቡስ ሲቀይር እንኳ የአፉላን ጋርዒኒም ሳይገዛ አይሄድም። የሱፍ አበባም አሜሪካዊ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ ቀይ ወጥ በልተን፣ ጋርዒኒም እየቆረጠምን ስለ አባቶቻችን ምግብ ስናወራ፣ ግማሹ ያለው ኮሎምበስ ኪስ ውስጥ ነው።

ኮረሪማ ግን የኛ ነው። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን፣ ከከፋና ከጎረቤቶቹ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል፣ ሳይንሱም ስሙን ከኛው የወሰደለት ቅመም ነው። መንገዱንም እናውቀዋለን። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከቦንጋ ተነሥቶ፣ በሊሙ እናርያ ሳቃ በሚባለው ገበያ በኩል፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ይገባል። ከባሶ በጣና ምሥራቅ ደሪጣና ኢፋግ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከጎንደር ዐድዋ፣ ከዐድዋ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ባሕር። ሲራራ ነጋዴዎቹ አብዛኛዎቹ እስላሞች፣ ጀበርቲዎች ናቸው። መገበያያው ማርያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነው። ጭነቱስ? ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ። እና ሰው። ከጊቤ ወንዝ ማዶ የተያዙ ልጆችና ሴቶች በዚያው መንገድ፣ ከዚያው ጭነት ጎን በእግራቸው ይነዱ ነበር። ባሶ ላይ ኮረሪማና ሰው በአንድ ቀን ይሸጥ ነበር።

ዶታይንን ያዙልኝ ያልሁት ለዚህ ነው። የዮሴፍን መሸጥ በየዓመቱ እናነባለን፣ እናዝናለን። የባሶውን ግን ማንም አያነብልንም። የቅመም ታሪክ በኤግዚቢሽን ሲቀርብ ግመል፣ ጀምበርና መዓዛ ይሆናል። እኔ ግን የኮረሪማን መንገድ የሚያትም ሰው ይህንን ከወረቀቱ ላይ እንዲያወጣው አልፈልግም።

የኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤል፣ በዚህ ንግድ ውስጥ የት ነበሩ? ብዙም አልነበሩም። የጎንደሩ ትልቅ ገበያ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሰንበት ላይ ገበያ የሚወጣ ቤተ እስራኤል የለም። ድርሻቸው የእጅ ሥራ ነበር። ማረሻ ቀጥቅጠው፣ ጀበናና ድስት ሠርተው በሸጡበት የወጥ ቅመም ገዙ። ስለዚህ «አባቶቻችን ቅመም ነጋዴዎች ነበሩ» ብላችሁ የህትመት መግለጫ እንዳትጽፉ። ቅመሙ የተሠራበትን ድስት የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ይህም ሌላ ህትመት የሚገባው ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። እዚህ ካመጣናቸው ሁሉ የኛ የምንለው ኮረሪማ ነው፤ በህትመት ደግሞ ቀለም የማይሰጠው እሱ ነው። ወቅጠን በዘይት ለወስነው፣ በአልኮል ዘፈዘፍነው፤ የወጣው ቅራሪ የመሰለ ግራጫ ነው። እርድ አገሩ ሩቅ ሆኖ ወርቅ ያወጣል፣ በርበሬ ከባሕር ማዶ መጥቶ ደም ይመስላል፤ ኮረሪማው ዝም ይላል። ስለዚህ ያለ ቀለም እናትመዋለን።

እንዲህ ነው የሚደረገው። ወፈር ያለ የጥጥ ወረቀት ውኃ አጠጥተን፣ በፎጣ መሐል እናቆየዋለን፤ ርጥብ ግን የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። የኮረሪማውን ፍሬ ለሁለት ሰንጥቀን፣ ፍሬ ፍሬውን አውጥተን፣ ቅርፊቱን በሆዱ የፕሬሱ ሳህን ላይ እንደፋዋለን። በላዩ ወረቀቱ፣ በወረቀቱ ላይ ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ፣ ከዚያ በፕሬሱ ሲሊንደር ሥር እናሳልፈዋለን። ግፊቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ አንዴ ከጠበቀ ቅርፊቱ ፈርሶ ወረቀቱን ይቀደዋል። ሲወጣ ወረቀቱ ነጭ ነው። ወደ መስኮቱ አዘንብሉት። ጎን ለጎን የሚሄዱት የቅርፊቱ ጅማቶች፣ ጫፉ ላይ ያለው ሹል፣ ሁሉም በጥላ ይታያል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ደግሞ አንገቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ኮረሪማ ለገበያ ሲወጣ በክር ተሰክቶ፣ እንደ ጨሌ ተንጠልጥሎ ነው፤ ቀዳዳዋ የዚያ ክር ናት። የሰካው ሰው እጅ ወረቀቱ ላይ ቀረ ማለት ነው። በዚህ ክፍል ከሠራነው ሁሉ ይህችን ቀዳዳ የምታህል ነገር ለኔ የለችም።

በጫና የማተምን ትምህርት አዲስ አበባም ታውቀዋለች። በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የእንጨት ቅርጽ ህትመት አስተምሯል፤ ዘሪሁን የትምጌታን የመሰሉ ሠዓሊዎች በዚያ ትምህርት አልፈዋል። እዚህ ደግሞ የኢየሩሳሌም የህትመት አውደ ጥናት ከ1974 ጀምሮ ይሠራል። ወጣቶች ሂዱና እዩ፤ ከእኔ የተሻሉ አስተማሪዎች አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ትል። በበርበሬ የታተመ ወረቀት የቅመም ነቀዝ ይወደዋል። ህትመቱ ሲደርቅ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፤ ከዚያ ወደ አቃፊው። የቤት እመቤቶች ፍሪዘር ውስጥ ሥዕል ስታገኙ አትደንግጡ።

እና ከእናቶች የምፈልገው አለ። በ1984 በሱዳን በኩል በእግሩ የወጣ፣ ወይም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከመጡት ከ14,000 በላይ ሰዎች አንዱ የነበረ፣ ቅመም ይዞ አልመጣም፤ ሻንጣም አልነበረውም። ታዲያ እዚህ የመጀመሪያው ድስት ላይ የገባው በርበሬ ከማን ተገኘ? በመርከዝ ቅሊታ፣ በአዲስ ገቢዎች ማረፊያ፣ ዘመን ከገበያ የገዛችሁት የሌላ አገር በርበሬ ነው? ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የተላከው መቼ ደረሰ? የዛሬው ሲራራ ከቦሌ ተነሥቶ ቤን ጉሪዮን የሚወርድ ሻንጣ ነው፤ እሱን ማንም አልመዘገበውም። እያንዳንዱ ህትመት ጀርባ ላይ በእርሳስ የምንጽፈው ይህንኑ ነው፤ ቅመሙ ምን እንደሆነ፣ ከማን እንደተገዛ፣ በማን እጅ እንደመጣ፣ በየትኛው ዓመት። የሰው ስም መጻፍ ያልፈለገ ዝምድናውን ይጻፍ፤ «የአክስቴ ጎረቤት» ይበቃል።

እንግዲህ ሽርጥ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። የእርድ ጠረጴዛ ግቢው በር ላይ ነው፤ ፀሐይ ሳያልፍ ቶሎ ጀምሩ። ፕሬሱን የሚያንቀሳቅስ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አስም ያለበት ከበርበሬው ጠረጴዛ ይራቅ፣ ዐይኑን የሚያሽ ደግሞ መጀመሪያ እጁን በዘይት፣ ቀጥሎ በሳሙና ይታጠብ።